ያልተዘለሉት ሠላሳ አምስት ቀናት

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ታክሲ ውስጥ የሰው አንገት መለካት ግን እስከ ዛሬ አልተውኩም። ከአያት ወደ መገናኛ ስሄድ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው አይና በልቤ «የዚህ አንገት አጭር ነው፣ ዝቅ ያለውን ትራስ ነው የምሰጠው» እላለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት «እናቴ፣ እንተዋወቃለን እንዴ?» ቢለኝ አፈርኩ። ዕድሜዬን የኖርኩት የሰው አንገት ከጠረጴዛ ጋር ሳስር ነው ብዬ ብነግረው መገናኛ ሳይደርስ መውረዱ ነው።

ሥራዬ የጨረር ሕክምና ነበር። ታካሚዎች ሁሉ «ሲስተር» ይሉኛል። ነርስ አይደለሁም፤ ማረም ከተውኩ ግን ቆይቻለሁ። ሐኪሟ ጨረሩ የት እንደሚያርፍ ትወስናለች፣ የፊዚክስ ባለሙያው ያሰላል፣ እኔ ደግሞ ሰውየው ትናንት በተኛበት ልክ ዛሬም እንዲተኛ አደርጋለሁ። ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል፤ እስቲ አንድ ሰው ራሱ አልጋ ላይ ሁለት ቀን ተከታትሎ አንድ ዓይነት አተኛኘት ይተኛ።

የእኔ ክፍል በአብዛኛው የጉሮሮ፣ የምላስ፣ የአፍና የአፍንጫ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ነበር የሚያስተናግደው። ለእነሱ ጭንብል እንሠራለን። ጭንብሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል። አውጥተን በፎጣ መታ መታ እናደርግና በሰውየው ፊትና አንገት ላይ እንስበዋለን። በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቅና የአፍንጫውን፣ የአገጩን፣ የጉሮሮውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሰውየው ያንኑ ይለብሳል፤ ጭንብሉም ከጠረጴዛው ጋር ይቆለፋል። እንዳይነቃነቅ ነው።

አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጭንብሏን ዓርብ ሠራንላት፣ ሰኞ ለሕክምና ስትመጣ ግን ለእህቷ ሠርግ ሹሩባ ተሠርታ ነበር። ጭንብሉ አልዘጋ አለ። በግራ ስገፋው በቀኝ ይነሳል። ያን ዕለት እኔ፣ የጽዳት ሠራተኛችንና አብራት የመጣችው ሙሽራዋ እህቷ ሦስት ሆነን በማበጠሪያ ጭራ ሹሩባ ስንፈታ አረፈድን። ሙሽራዋ የራሷ ጥፍር ተቀብቶ ስለነበር በሁለት ጣቷ ብቻ ነበር የምትፈታው። ከዚያ ወዲህ ለሴት ሁሉ ጭንብል ከመሥራቴ በፊት የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «በሁለት ወር ውስጥ ሠርግ አለሽ?» የሚል ሆነ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ከራጅ ክፍል ተዛውሬ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ስገባ እሳቸው የአሮጌው የጨረር መሣሪያ ኃላፊ ነበሩ። ደመወዙ የሚወራ አልነበረም፤ ቅጹ ግን በሦስት ኮፒ ነበር። አለቆቻችን መጡ ሄዱ፤ አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ ማኅተም፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱንም። ጋሽ ታፈሰ ከማንም አይጣሉም፣ ማንንም አይፈሩም። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ገብተው ጫማቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ራሳቸው ይተኛሉ። «ታካሚው የሚያየውን ሳላይ አልጀምርም» ይላሉ። አንድ ቀን እንደተኙ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ዓይን ይወጋል ብለው አስቀየሩት። ለካ ስንት ዓመት ሰው ሁሉ ተወግቶ፣ ማንም ሳይናገር ኖሯል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጭንብሉ ከተቆለፈ በኋላ ትንሿን ጣታቸውን በአገጩ ሥር ያስገባሉ። ጣት ከገባ ሰውየው ከስቷል፣ ጭንብሉ ሰፍቶታል፣ ጨረሩ ሊስት ይችላል ማለት ነው፤ ያን ቀን ሐኪሟ ሳታየው አይጀመርም። በሩ ተዘግቶ እኛ በስክሪን ስናይ ደግሞ በማይክራፎኑ በየጥቂት ሰኮንዱ አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፦ «አለሁ።» ምን ሆንክ፣ አይዞህ፣ ልትጨርስ ነው የለም። «አለሁ» ብቻ። እኔ ብዙ ስለማወራ ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ ቀን ለምን በአንዴ አንጨርስም፣ ለምን ሰባት ሳምንት እናመላልሳቸዋለን ብዬ ጠየቅኋቸው። ከጋውናቸው ኪስ የልብስ ክር አወጡና ሁለት አድርገው ገመዱት። «እያንዳንዷ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ እንዲህ የተገመደ ጥንድ ክር አለ፤ ዲኤንኤ ይባላል። እንዴት እንደምትኖርና እንደምትባዛ የተጻፈው እሱ ላይ ነው» አሉኝ። «ጨረሩ ክሩን ይበጥሳል። አንዱ ብቻ ከተበጠሰ ሕዋሷ ሌላውን እያየች ትጠግነዋለች። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሱ ግን ይከብዳታል። ጤነኛዋ ሕዋስ ጎበዝ ጠጋኝ ናት፤ ሰዓታት ከሰጠናት አብዛኛውን ታስተካክላለች። የካንሰሯ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ጠጋኝ ናት። መጀመሪያስ ካንሰር የሆነችው ክሯ ተበላሽቶ በወጉ ሳይታረም ቀርቶ አይደል? ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንመታለን። ጤነኛዋ ትነሳለች፣ ያቺኛዋ ጠግና ሳትጨርስ እንደርስባታለን።»

«ብዙ ቀን ከዘለልንስ?»

«ያኔማ ሰነፏም ትጨርሳለች። ከዚያም ትባዛለች።»

ይህን እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት፤ ደብቄ ባልፈው ጽሑፉ ውሸት ይሆናል። አንድ የምላስ ካንሰር የነበረባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሕክምናውን አጋምሰው ሳለ ፋሲካ ደረሰ። «ልጄ፣ ሀገሬ ሄጄ ልፈስክ፤ ከልጆቼ ጋር ልሁን» ብለው ለመኑኝ። ለሐኪሟ ንገሯት ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እኚህን የሚያህሉ ሰው ለዓመት በዓል አይሄዱም ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «ጥቂት ቀን ምንም አይልም፣ ቶሎ ይመለሱ» አልኳቸው። ዘጠኝ የሕክምና ቀን ዘልለው፣ ደስ ብሏቸው፣ ለእኔ አንድ ጣሳ ማር ይዘው መጡ። ማሩን ተቀበልኩ። ጋሽ ታፈሰ ካርዱ ላይ የተዘለሉትን ቀናት በጣታቸው ቆጠሩ። በዓመቱ ካንሰሩ እዚያው ቦታ ተመለሰ፣ ሽማግሌውም ዐረፉ። ሐኪሟ በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ማር ስቀምስ ይቆረቁረኛል፤ ለአንድ ሰው ክፉ እንዳልመስል ብዬ ያንን ሰው ጎድቼዋለሁ ብዬ አምናለሁ። ጋሽ ታፈሰ ያን ሰሞን የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሉኝታሽን በር ላይ ሰቅለሽ ግቢ፤ ስትወጪ ታገኚዋለሽ።»

ጋሽ ታፈሰ ጡረታ ከወጡ በኋላ እኔም ከወሎ ሰፈር ትንሽ ገባ ብሎ ወደተከፈተ የግል ማዕከል ተዛወርኩ። መሣሪያው አዲስ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ያወራል፣ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። ጠረጴዛው ላይ መተኛቱን ግን አስለምጃቸዋለሁ። መጀመሪያ «ሲስተር፣ ሲሪየስሊ?» ብለው ሳቁብኝ፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ማን ቀድሞ ይተኛ ብለው ይሻማሉ፣ በተለይ ሰኞ።

ጋሽ ዘርጋን ያገኘኋቸው እዚያ፣ በመጨረሻው የሥራ ዓመቴ ነው። ገርጂ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ሚስማር፣ ቀለም፣ ገመድ፣ ቧንቧ። ሰባ ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ብዙ ሲጋራ አጭሰዋል፤ ካንሰሩ ድምፅ የሚወጣበት ማንቁርታቸው ላይ ነበር። ሠላሳ አምስት ቀን ጨረር ታዘዘላቸው። ሁልጊዜ ከሚስታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ነው የሚመጡት። እሳቸው ቁጥብ፣ እሷ ደግሞ ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ በስም የምታውቅ ናት። ጭንብሉን መጀመሪያ ሲያዩ ጋሽ ዘርጋ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ጥሩ ዕቃ ነው፤ የት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ነጋዴ አይደሉ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ጉሮሯቸው ቆስሎ፣ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወርዶ፣ አጥሚትና እርጎ ብቻ እየወሰዱ ነበር። መስከረም ገብቷል። አንድ ዓርብ ከጠረጴዛው ሲወርዱ «ሲስተር፣ እንግዲህ ከመስቀል መልስ እንገናኝ» አሉኝ።

«ነገና እሑድ ዕረፍት ነው። ሰኞ ነው የምንገናኘው» አልኳቸው።

«የለም፣ እሑድ አገር ቤት እገባለሁ።» እስትንፋሳቸውን ሰበሰቡ። «ሰባ መስቀል ነው የኖርኩት። አንዱንም ከወልቂጤ ወዲህ አላሳለፍኩም። ወንድሞቼ አልፈዋል፤ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። ቤተሰቡን የምመርቀው እኔ ነኝ። ድምፄ ደግሞ እየሄደ ነው። ዘንድሮ ካልመረቅሁ በሚመጣው ዓመት በምን እመርቃለሁ?»

የጉራጌን መስቀል የማያውቅ ሰው ይህ ተራ በዓል ይመስለዋል። ዓመቱን ሙሉ ተበትኖ የሠራው ሁሉ ለመስቀል ቤቱ ይገባል፤ ያልገባ ሰው ምን ነካው ይባላል። ጋሽ ዘርጋ የጠየቁኝ የዕረፍት ፈቃድ አልነበረም። ድምፃቸው ሳይጠፋ አባትነታቸውን መፈጸም ፈልገው ነው። ይሉኝታዬ ከተሰቀለበት በር ላይ ወርዶ ሲመጣ ተሰማኝ።

«አይሄዱም» አልኳቸው።

እትዬ አስካለ አፏን ይዛ አየችኝ።

«ሱቅዎ ውስጥ ሁለት ሆኖ የተገመደ ገመድ አለ አይደል?» ብዬ ጀመርኩና ጋሽ ታፈሰ የነገሩኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የሚበጠሰውን ክር፣ ጎበዟን ጠጋኝና ሰነፏን። ቀጥዬ ደግሞ ስለዚያ ሽማግሌ ነገርኳቸው። ለታካሚ ነግሬው አላውቅም ነበር።

«ሰነፏ ስንት ቀን ይበቃታል?» አሉ ጋሽ ዘርጋ።

«አላውቅም። ማንም በቁርጥ አያውቅም። ለዚህ ነው አንድም ቀን የማልሰጣት።»

«ምርቃቱስ?»

«ቤተሰቡ ይምጣና እዚህ ይመረቅ።»

«መስቀል እዚህ?» አሉ። ጥምቀትን በሐምሌ ያልኳቸው ነበር የሚመስለው። ከዚያ ግን ወደ ሚስታቸው ዞረው «ደውዪ» አሏት።

እትዬ አስካለ ደወለች። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ረቡዕ ከሰዓት ግን አንድ ሙሉ አይሱዙና ሁለት ሚኒባስ ገርጂ ቤታቸው ገቡ። ቆጮው፣ ቅቤው፣ ጎመኑ፣ በሬው ሳይቀር መጣ። በሬ ወደ አገር ቤት ሲሄድ እንጂ ከአገር ቤት ለመስቀል አዲስ አበባ ሲገባ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ችግር ቀረን። መስቀል ዓርብ ይውላል፤ ማዕከሉ ይዘጋል። ዓርብ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሦስት ቀን ሊሆን ነው። የማዕከላችን ሐኪም ዶክተር ቤዛ ከፊዚክስ ባለሙያው ጋር ተመካክራ ሐሙስ ሁለት ጊዜ እንዲወስዱ ወሰነች፤ በመካከሉ ግን ቢያንስ ስድስት ሰዓት መሆን አለበት። ጤነኛው ሕዋስ የተበጠሰበትን የሚጠግንበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ካሳጠርነው የምንጎዳው እሱን ነው። ሐሙስ ደግሞ የደመራ ዕለት ነው፣ መንገድ ይዘጋል። ሥራ አስኪያጃችን ሁሉም ሰው እኩለ ቀን ላይ ይውጣ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ሄጄ «ማስታወቂያው ጥሩ ነው፤ የእኔን ክፍል አይመለከትም» አልኩት። ጡረታ ሊወጣ የቀረበ ሰው የሚፈራው ነገር የለም። ወጣቶቹም ሳልጠይቃቸው አብረውኝ ቀሩ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያውን ወሰዱ። ሁለተኛው ሰባት ተኩል ነው። ወደ ገርጂ ቢመለሱ መንገዱ ሊያስቀራቸው ስለሚችል እዚሁ እንዲቆዩ አደረግን። ቤተሰቡ ታዲያ ጋሽ ዘርጋን ብቻቸውን ሊተዋቸው ነው? ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ አሥራ ስምንት ሰው ቆጠርኩ። ሴቶቹ የአገር ልብስ ለብሰዋል፣ ወንዶቹ መኪና ማቆሚያው ላይ በዝቅታ ይዘፍናሉ፣ ጥበቃችን «ዝም በሉ» ሊል ሄዶ ጭፈራው ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ጋሽ ዘርጋ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ምቱን ይከተላሉ። የሌሎቹ ታካሚዎች አስታማሚዎች ሳይቀሩ ያጨበጭቡ ነበር። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የሚያስቅ የመጠበቂያ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ሰባት ተኩል ሲሆን ጠረጴዛው ላይ አወጣኋቸው። ጭንብሉን ቆለፍኩ፣ ትንሿን ጣቴን በአገጫቸው ሥር አስገባሁ። ገባች። በአጥሚትና በእርጎ ብቻ የከረመ ሰው መክሳቱ አይቀርም፤ ጠዋት ለጥቂት ያልገባችው ጣት አሁን አለፈች። ፎቶ አንስተን ለዶክተር ቤዛ አሳየናት። አየችና ልዩነቱ በሚፈቀደው ውስጥ ነው፣ ዛሬ ይቀጥሉ፣ ሰኞ አዲስ ጭንብል ይሠራላቸው አለች። በሩን ዘጋሁ። «አለሁ» አልኩ። «አለሁ።» በስክሪኑ የእግራቸው አውራ ጣት ሲወዛወዝ አየሁ፤ ዘፈኑ ከውጭ ይሰማቸው ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ ገርጂ ተጠርቼ ሄድኩ። ግቢው ሞልቷል። ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም በሽተኛ አይጾምምና ለጋሽ ዘርጋ ሚጥሚጣ ያልነካው አይብ በለጋ ቅቤ ቀረበላቸው፤ ሁለት ማንኪያ ዋጡ፣ እንባቸው መጣ፣ ግን ዋጡ። ምርቃቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሳ። ጋሽ ዘርጋ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። ዶክተሯም ድምፅ አያውጡ ብላቸው ነበር። ያኔ እትዬ አስካለን በእጃቸው ጠሩና በጆሮዋ ሹክ አሏት። እሷም ጮክ ብላ ደገመችው፦

«ያገር ሰላም አይጥፋ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

ሹክ አሏት፣ ደገመች። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተበተኑት ልጆች። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ምርቃቱ ከሹክሹክታው እየረዘመ መጣ። «ለሚስቱ የሚታዘዝ ወንድ ያብዛ!» አለች። «አሜን!» ጋሽ ዘርጋ ቀና ብለው አዩዋት። «የሳሎኑን ምንጣፍ ዘንድሮ የሚቀይር አባት ይስጠን!» «አሜን!» ጋሽ ዘርጋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አላልኩም አላልኩም እያሉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ሰው ግን መሬት ላይ ሊወድቅ እስኪደርስ እየሳቀ አሜን ይል ነበር። ድምፅ የሌለው ሰው መከላከያ የለውም።

ሠላሳ አምስቱን ቀን ጨረሱ። አንድም ቀን አልተዘለለም። ከወራት በኋላ ዶክተር ቤዛ በቀጭኗ ካሜራ ማንቁርታቸውን አይታ ምንም የለም አለች። ገና ለዓመታት እንከታተላለን ብላ አስጠነቀቀችን፤ እትዬ አስካለ ማስጠንቀቂያውን ሳትሰማ ኮሪደሩ ላይ እልል ብላ ነበር። እኔም ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ።

ዘንድሮ መስቀልን ከወልቂጤ ማዶ፣ ጋሽ ዘርጋ ቤት ዋልኩ። ክትፎው ቀርቧል፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። ጋሽ ዘርጋ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና በራሳቸው ድምፅ መመረቅ ጀመሩ። ሻካራ ነው፣ ግን እስከ በሩ ይሰማል። የቤቱን ሰው ከታላቁ እስከ ትንሹ በስም መረቁ። ጎረቤቱን መረቁ። ከብቱን በቀለም በቀለሙ መረቁ። የአያታቸውን ወንድሞች ገና ሊጀምሩ ሲሉ ቅቤው ረግቶ ነበር፤ ልጆቹ በአንድ እግር መቆም ጀምረዋል። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ሲስተር፣ ከሠላሳ አምስቱ አንዲት ቀን እንኳ ብትተዪለት ምን ነበረበት?» አለችኝ።

አንዲትም አልተውኩላቸውም። «አሜን» አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ፣ እሳቸውም ቀጠሉ።